ሪሉን ፍቱትና እዩት፦ የርካሹና የውዱ ልዩነት ከውስጥ ነው

አምባዛው ያመለጠኝ ሌሲልቬኒያ ፓርክ ላይ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለ ፓርክ ነው። ወደ ውሃው ገባ ያለ የማጥመጃ ድልድይ አለው። ወሩ ኦክቶበር ነበር፣ መሽቷል። ዓሣው ገና ሲነካው ከባድ እንደሆነ ገባኝ። ሦስት አራት ደቂቃ ታገልን። ከዚያ ሪሉ ውስጥ፣ ማለትም የማጥመጃ ዘንጉ ላይ የሚታሰረው የክር መጠቅለያ ውስጥ፣ "ቀጭ ቀጭ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። እጀታውን አዞራለሁ፣ ክሩ ግን አይመጣም። ክሩ አልተበጠሰም። መንጠቆውም አልተቃናም። የተሸነፈው ሪሉ ነበር።

እዚህ ወንዝ ውስጥ ያለው ብሉ ካትፊሽ የሚባለው የአምባዛ ወገን ነው፤ ጉልበቱ ግን ሌላ ነው። በ2011 ቨርጂኒያና ኖርዝ ካሮላይና ድንበር ላይ ካለው ከር ሐይቅ 143 ፓውንድ የመዘነ ወጥቷል። 65 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። የኔው የዚያን ያህል እንዳልነበረ አውቃለሁ። ሪሉን ለመብላት ግን በቂ ነበር።

እኔ መካኒክ ነኝ። ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ገራዥ ውስጥ ነው። አሁንም እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ የምሠራው መኪና ነው። የተሰበረ ነገር ሳልፈታ መጣል አይሆንልኝም። ቤት ገብቼ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ፎጣ ዘረጋሁና ሦስት ሪሎች ደረደርኩ። አንደኛው የተሸነፈው ነው፤ የ30 ዶላር ሪል። ስሙን አልጠራም፣ በዚያ ዋጋ የሚሸጡት ብዙዎቹ አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው። ሁለተኛው በ150 ዶላር ገደማ የገዛሁት ፔን ስፒንፊሸር 6፣ መጠኑ 4500። ሦስተኛው የጓደኛዬ ሺማኖ ስቴላ ነው፤ ዋጋው ከ800 ዶላር በላይ ነው። ለሰርቪስ ብሎ ያመጣልኝ ነበር።

ሦስቱንም ሱቅ ውስጥ አንስታችሁ ብታዞሯቸው ለስላሳ ናቸው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አዲስ ሪል በግሪስ ተሞልቶ ይመጣል፤ ግሪስ ደግሞ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ስለዚህ ምን እንደሚታይ፣ የት እንደሚታይ ላሳያችሁ።

ሳይፈታ፣ ሱቅ ውስጥ

መጀመሪያ ካርቶኑ ላይ ያለውን የኩሽኔታ ቁጥር እርሱት። "5+1" ማለት አምስት የኳስ ኩሽኔታ፣ አንድ ደግሞ እጀታው ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚይዝ ሮለር ኩሽኔታ ማለት ነው። "12+1" ተጽፎበት በ30 ዶላር የሚሸጥ ሪል አይቻለሁ። ብዛቱ አይጠቅማችሁም። የሚጠቅመው የት እንደተቀመጡ ነው። እሱን ሲፈታ እናየዋለን።

እጀታውን በጣም ቀስ ብላችሁ አዙሩ። አንድ ዙር በሦስት ሰከንድ። በፍጥነት ሲዞር ሁሉም ሪል ጥሩ ነው። ቀስ ሲል ግን ጥርስ ከጥርስ ሲጋጠም ጣታችሁ ላይ ይሰማችኋል። ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉ።

ቀጥሎ እጀታውን ወደ ጎን ወዝወዝ አድርጉት። የርካሽ ሪል እጀታ ብዙ ጊዜ ባለ ስድስት ማዕዘን ዘንግ ነው፤ በጊሩ መሐል አልፎ ከወዲያኛው በኩል በብሎን ይታሰራል። ዘንጉና ቀዳዳው መካከል ክፍተት ስላለ ይላወሳል። የተሻሉት እጀታ ራሱ ጥርስ አለው፤ ቀጥታ ጊሩ ውስጥ ይጠበቃል። አይነቃነቅም።

ከዚያ ሮተሩን፣ ማለትም ክሩን እየዞረ የሚጠቀልለውን ክፍል፣ በግራ እጅ ያዙት። በቀኝ እጅ እጀታውን ለማዞር ሞክሩ። በመጠኑ ነው፣ ዕቃው ገና አልተገዛም። ዓይናችሁ ሪሉ ከማጥመጃ ዘንጉ ጋር የሚታሰርበት እግር ላይ ይሁን። ሰውነቱ ሲጣመም በዓይን ከታየ ዓሣ ሲጎትተው ምን እንደሚሆን አስቡት።

በመጨረሻ የፍሬኑን፣ ማለትም ዓሣ ሲጎትት ክሩን እየያዘ የሚለቀውን ክፍል፣ ማጥበቂያ ፈትታችሁ ክሩ የተጠቀለለበትን ስፑል አውጡ። ይህን ማንም ሻጭ አይከለክልም። መሐል ያለውን ዘንግ ውፍረት እዩ። ስፑሉ ውስጥ ያሉትን የፍሬን ሮንዴላዎች እዩ። ግራጫ ለስላሳ ጨርቅ የሚመስል ካያችሁ ፌልት ነው። ጥቁር፣ ጠንካራና እንደ ሽመና መስመር ያለው ከሆነ ካርቦን ነው።

አፈታቱ

መሣሪያው ቀላል ነው፤ አንድ ነገር ግን ችላ አትበሉ። ለጃፓን ሪሎች ባለ መስቀል ብሎኖች ጃፓን የራሷ ልክ አላት፣ ጂስ ይሉታል። በተለመደው ካቻቪቴ ከፈታችሁት እየተንሸራተተ የብሎኑን ራስ ይበላዋል። የጂስ ካቻቪቴ በጥቂት ዶላር ይገኛል። የተበላ ብሎን ማውጣት ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ቅደም ተከተሉ፦ ስፑል፣ እጀታ፣ ከዚያ የጎን ክዳኑ ብሎኖች። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ይለያያል፤ የየትኛው ቀዳዳ እንደሆኑ በእንቁላል ካርቶን ውስጥ በቅደም ተከተል አስቀምጡ። እያንዳንዱን ደረጃ በስልክ ፎቶ አንሱ። ክዳኑን ስታነሱ ቀስ በሉ፤ ስስ ሮንዴላዎች በግሪስ ከክዳኑ ጋር ተጣብቀው ሊመጡ ይችላሉ። ሮተሩን መፍታት ካስፈለገ መሐሉ ላይ ዳዶ አለ። አንዳንዱ ሪል ላይ የዚህ ዳዶ ጥርስ በተቃራኒ ነው የሚፈታው። እምቢ ካለ በጉልበት አትሂዱበት፣ ወደ ሌላው አቅጣጫ ሞክሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዳይዋ ማግሲልድ ብሎ የሚሸጣቸው ሪሎች ውስጥ በማግኔት ተይዞ የሚቆም ልዩ ዘይት አለ። እሱን ክፍል ማጠብም ዘይት መጨመርም አይገባም። እነዚያን ለሚያውቀው ተዉለት።

ኮሮናና ፒኞን

የመኪና ሰው ከሆናችሁ ይህን ክፍል ወዲያው ታውቁታላችሁ። ከእጀታው ጋር የሚዞረው ትልቁ ጊር ኮሮና ነው። ሮተሩን የሚያዞረው ትንሹ ፒኞን ነው። ልክ እንደ መኪና ዲፈረንሻል ኃይሉ አቅጣጫ ይቀይራል። ልክ እንደ ዲፈረንሻልም ሁለቱ የሚገናኙበት ርቀት ፀጉር ታህል ሲዛባ ሁሉም ነገር ይበላሻል።

የ30 ዶላሩን ኮሮና ግሪሱን ጠርጌ አየሁት። ደብዛዛ ግራጫ ነው፤ ጠርዙ ላይ ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ የቀረ መስመር አለ። ዚንክ ነው፤ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ። ዚንክ ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይፈሳል፣ ግን ለስላሳ ነው። ፒኞኑ ቢጫ ነበር፣ ነሐስ። ፒኞን በርካሹም በውዱም ብዙ ጊዜ ነሐስ ነው፤ ስለዚህ ሻጭ "ጊሩ ነሐስ ነው" ሲላችሁ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

ከብረቱ በላይ ያስተማረኝ ግን የጥርሶቹ አበላል ነው። የኮሮናው ጥርሶች የተበሉት ጫፋቸው ላይ ብቻ ነበር። የታችኛው ክፍላቸው አዲስ ነው፣ ከፋብሪካ እንደወጣ። ምን ማለት ነው? ጥርሶቹ ሙሉ በሙሉ አልተጋጠሙም። ዓሣው ሲከብድ ኮሮናው ከፒኞኑ እየራቀ በጫፍ በጫፉ ሲይዝ ቆይቷል። ጫፉ ሲያልቅ ለቀቀ።

ለምን ራቀ? ኮሮናው በግራና በቀኝ የሚደገፍባቸውን ሁለት ቦታዎች አየሁ። በአንዱ በኩል ኩሽኔታ አለ። በሌላው በኩል ቡሺንግ የሚባል ነጭ የፕላስቲክ ቀለበት ብቻ ነው፤ ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ እንቁላል መስሏል። ካርቶኑ ላይ የተቆጠሩት ሌሎቹ ኩሽኔታዎች ብዙ ጭነት የማይመጣባቸው ቦታዎች ላይ ነበሩ። ለዚህ ነው ቁጥሩን እርሱት ያልኳችሁ። ኩሽኔታ መኖር ያለበት ከኮሮናው ግራና ቀኝ፣ ፒኞኑ ላይ፣ እና ክሩ የሚያልፍባት ትንሿ ሮለር ውስጥ ነው። አራቱ በትክክል ከተቀመጡ ከአሥራ ሁለቱ ይበልጣሉ።

ስፒንፊሸሩን ስከፍት ኮሮናው በሁለቱም በኩል ኩሽኔታ አለው። ጥርሶቹ በማሽን የተቆረጡ ናቸው፤ ጠርዛቸው ጥርት ያለ ነው። ለሁለት ዓመት ያሻሸው መስመር ጥርሱ መሐል ላይ ነው፣ ጫፉ ላይ አይደለም። ገራዥ ውስጥ ዲፈረንሻል ስናስተካክል የምንፈልገው ምልክት ይኸው ነው።

ስቴላው ሌላ ዓለም ነው። ኮሮናው አሉሚኒየም ነው፤ ሺማኖ ሳያቀልጥ በከባድ ግፊት ቀጥቅጦ ቅርጽ ያወጣለታል። ሃጋኔ ይሉታል። ጥርሶቹ በጣም ትናንሽና ብዙ ናቸው፤ በአንድ ጊዜ የሚገናኙት ጥርሶች ስለሚበዙ ነው እንደዚያ የሚለሰልሰው። በእጄ መዝኜ ገረመኝ። በእኩል መጠን ነሐስ ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ይከብዳል። አንድ ቀን ሙሉ ለሚወረውር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ብረቱን ለመለየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ቢጫ ከሆነ ነሐስ ነው። ግራጫ ሆኖ ከበድ ካለ ዚንክ ነው። ግራጫ ሆኖ ቀለል ካለ አሉሚኒየም ነው። ማግኔት እዚህ አይረዳችሁም፣ ሦስቱንም አይስብም።

ስለ ስስ ሮንዴላዎቹም እንነጋገር። ከወረቀት ብዙ የማይወፍሩ ናቸው። ኮሮናው ወደ ፒኞኑ ምን ያህል እንደሚቀርብ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ስቴላው ውስጥ ልክ ልካቸው ተመርጦ ገብተዋል። ርካሹ ውስጥ አንዲት ብቻ ነበረች። አንድ ሰው ሪሉን አጥቦ ገጠመና "እንደ ቡና መፍጫ ሆነብኝ" ብሎ አመጣልኝ። ፈታሁት። ሮንዴላዋ ከክዳኑ ጋር ተጣብቃ ወጥታ በሌላኛው ጎን ገጥሟታል። ቦታዋን መለስኩላት፤ ሌላ ምንም አልነካሁም። ድምፁ ጠፋ።

ሰውነቱና ፍሬኑ

ጥሩ ጊር ልል ሰውነት ውስጥ ዋጋ የለውም። ርካሾቹ ተራ ፕላስቲክ ናቸው። ስፒንፊሸሩ ሙሉ ብረት ነው፣ ክዳኑና ሮተሩ ጭምር። ስለዚህም ይከብዳል። ግን ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። ሺማኖ ሲአይ4 የሚለው፣ ዳይዋ ደግሞ ዛዮን የሚለው በካርቦን የተጠናከረ ነው፤ ቀላል ሆኖ ሳለ ጠንካራ ነው። ሮተሩን ይዛችሁ የምታደርጉት ፈተና ይህን ይነግራችኋል። አንዳንድ ውድ ሪሎች ደግሞ ማግኒዝየም ናቸው። ማግኒዝየም በጣም ቀላል ነው፣ ቀለሙ ተፍቆ ጨው ውሃ ካገኘው ግን ይበሰብሳል። ድንጋይ ላይ ለምታስቀምጡ ሰዎች አልመክረውም።

ፍሬኑ ላይ ልዩነቱ የሚታወቀው ክሩን መልቀቅ ሲጀምር ነው። ዓሣው ድንገት ሲሮጥ ፍሬኑ ለመልቀቅ ካመነታ ክሩ በዚያች ቅጽበት ይበጠሳል። ፌልት በዘይት ሲርስ ጥሩ ነው፣ ለቀላል ዓሣ ይበቃል፤ ሲሞቅና ሲጨመቅ ግን ያመነታል። ካርቦን ሙቀት ይችላል። ፔን ኤችቲ-100 የሚለው ካርቦን ነው፤ ርካሽ በሆኑት የፔን ሪሎች ውስጥም ይገባል። በኔ ግምት በዝቅተኛ ዋጋ ከሚገኝ ነገር ሁሉ የተሻለው ይህ ነው። ርካሽ ሪል ካላችሁም በመጠኑ የሚሆን የካርቦን ሮንዴላ ከተገኘ ቀይሩት። ሪሉ ሌላ ሪል ይሆናል።

"25 ፓውንድ ፍሬን" የሚለው ጽሑፍ ላይ ተጠንቀቁ። ሮንዴላው ያን ያህል ሊይዝ ይችላል። ሰውነቱ ግን እዚያ ሳይደርስ ይጣመማል። የኔ ሪል ላይ የደረሰው እሱ ነው።

የቀሩት

ስፑሉን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኤስ ቅርጽ ያለው መስመር ውስጥ የሚሄድ እሾህ ያላት ጊር ናት። ሁለተኛው ትል የሚባለው ጠመዝማዛ ዘንግ ነው፤ ስቴላና ሌላው የሺማኖ ሪል ስትራዲክ ውስጥ አለ። ትሉ ክሩን እኩል ያነጥፋል፣ ለስላሳም ነው። ግን ዕቃው ይበዛል። የመጀመሪያው ቀላል ነው፣ ብዙ አይበላሽም። ኤስ ስላያችሁ ብቻ ሪሉን አትናቁት።

ወደ ኋላ መዞርን የሚይዘው ሮለር ኩሽኔታ ትናንሽ ሮለሮችና ሞላዎች አሉት። ግሪስ ከገባው ይንሸራተታል፣ በተለይ በብርድ። ቀጭን ዘይት አንድ ጠብታ ብቻ።

ውሃ መከላከያውን ጎሚኒ እዩ። ርካሹ ውስጥ ምንም የለም። ስፒንፊሸሩ አይፒኤክስ5 ነው፤ ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃ ይችላል ማለት ነው፣ መዘፍዘፍ ግን አይደለም። ፖቶማክ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ጋር የሚገናኝበት ፖይንት ሉክአውት ድረስ ወርዳችሁ ከምታጠምዱ ውሃው ጨው አለው፤ ለዚህ ገንዘብ መክፈል ያዋጣል። መጀመሪያ የምትሞተው ክሩ የሚያልፍባት ሮለር ናት። ከጨው ውሃ በተመለሳችሁ ቁጥር ፍሬኑን አጥብቃችሁ በዝግታ በሚፈስ የቧንቧ ውሃ አለቅልቁት፣ ሲደርቅ ሮለሯ ላይ ዘይት ጠብ አድርጉ። ፍሬኑን መልሳችሁ ማላላቱን አትርሱ፤ ተጨምቆ የሚያድር ፌልት አይመለስም።

የትኛውን እንግዛ?

ሐዋሳ ያለው የእህቴ ልጅ ባለፈው ደውሎ "ጋሼ፣ ጥሩውን ላክልኝ" አለኝ። አሞራ ገደል አካባቢ ነው የሚያጠምደው። ቆሮሶ ነው፣ አልፎ አልፎ አምባዛ። ስቴላ ብልክለት ጥቅም የለውም። አንድ ዕቃ ቢጎድል እዚያ መለዋወጫው ከየት ይመጣል? ለቆሮሶ የ30 ዶላሩ ይበቃል፣ ከጎኑ መለዋወጫ የሚሆን ሌላ አንድ ይዞ። ጫሞ ሐይቅ ሄዶ ናይል ፐርች የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ለመያዝ ካሰበ ግን ያ ሪል አንድ ቀን አይውልም። ያኔ ሙሉ ብረት፣ ካርቦን ፍሬን፣ ኮሮናው በሁለት በኩል ኩሽኔታ ያለው ያስፈልገዋል። እሱ ደግሞ ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛል። ከዚያ በላይ የምትከፍሉት በአብዛኛው ለቅለትና ለልስላሴ ነው። ልስላሴው እውነት ነው፣ ስቴላውን አዙሬ መልሼ ለመስጠት ከብዶኛል። የኔን አምባዛ ለማውጣት ግን አስፈላጊ አልነበረም።

አጎታተታችሁም ይቆጠራል። ከባድ ዓሣ በእጀታ አይጎተትም። የማጥመጃ ዘንጉን ከፍ አድርጋችሁ ዓሣውን ወደ እናንተ አምጡ፣ ከዚያ ዘንጉን እያወረዳችሁ የላላውን ክር ብቻ ጠቅልሉ። እኔ ያን ምሽት ቸኩዬ በእጀታ ጎትቻለሁ። ጊሩ የከፈለው የሱንም ዕዳ ነው።

ከገጠማችሁ በኋላ

ኮሮናው ጥርስ ላይ ስስ ግሪስ ቀቡ፤ ጥርሱ ከሥሩ እስኪታይ ድረስ ስስ። ኩሽኔታዎቹ ላይ ዘይት። ሮንዴላዎቹን ከፎቶው ጋር አስተያዩ። ክዳኑን ስታጠብቁ ብሎኖቹን በየተራ፣ በማዕዘን በማዕዘን አጥብቁ። አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ ክዳኑ ይጣመማል።

ከዚያ የሻንጣ መመዘኛ ሚዛን ውሰዱ። እኔ ሚዛኑን ከመኪናዬ መጎተቻ ቀለበት ላይ አስሬ የክሩን ጫፍ ሚዛኑ መንጠቆ ላይ እቋጥራለሁ። ክሩ 30 ፓውንድ የሚችል ከሆነ ፍሬኑ 8 ፓውንድ አካባቢ መልቀቅ አለበት። ሪሉን ማጥመጃ ዘንጉ ላይ አስራችሁ በቀስታ ወደ ኋላ ሂዱ። ሚዛኑን የሚያነብላችሁ ሰው ይኑር፤ እኔ ልጄ ነው የሚያነብልኝ። ቁጥሩ 8 ላይ ቆሞ ክሩ ሳይንገጫገጭ የሚወጣ ከሆነ ጨርሳችኋል። ወደ 11 ዘሎ ወደ 6 የሚወርድ ከሆነ ስፑሉን አውጡና ፍሬኑን እንደገና ፍቱት።